አሥራ ሰባት ቁጥር ኮምፒውተር

ሰርቨር ማዋቀር ያስተማረችኝ የሱሉልታ ልጅ ነበረች። በዕድሜ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። ሰበታ ውስጥ ከአንድ የሸቀጥ መደብር በላይ ባሉት ሁለት ፎቆች ላይ በተከፈተች ትንሽ የግል ኮሌጅ እሷ የኮምፒውተር መምህርት፣ እኔ ደግሞ የላብ ቴክኒሺያን ነበርን። ቴክኒሺያን ይበሉኝ እንጂ ሥራዬ አቧራ ማራገፍ፣ የተነቀለ ገመድ መሰካትና ፕሪንተር ውስጥ የተጣበቀ ወረቀት ጎትቶ ማውጣት ነበር። ስለ ሰርቨር የማውቀው ለፈተና የሸመደድኩትን ትርጉም ብቻ ነው።

እናቴ ከወላይታ እኔን አዝላ መጥታ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የገባች ሴት ናት። ያደግኩት ከፋብሪካው ጀርባ፣ ቀንና ማታ የማሽን ድምፅ በማይጠፋበት ሰፈር ነው። ኦሮምኛዬ የሰፈር ኦሮምኛ ነው፤ ሰላምታ፣ ገበያና ስድብ። እሷ ቡራዩ ታላቅ እህቷ ቤት ትኖር ስለነበር በየጠዋቱ ከቡራዩ ጦር ኃይሎች፣ ከጦር ኃይሎች አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሰበታ ሦስት ሚኒባስ ትቀያይራለች። ያም ሆኖ በእግሬ ሩብ ሰዓት ከምሄደው ከኔ ቀድማ ላብ በር ላይ አገኛታለሁ። እንዴት አደርክ ስትል «አካም ቡልቴ፣ ኢንጂነር!» ትለኛለች። ኢንጂነር እንዳልሆንኩ ሁለታችንም እናውቃለን።

አንድ ቀን ከመጋዘን ሽፋኑ የወለቀ አሮጌ ኮምፒውተር አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄን ሰርቨር እናደርገዋለን» አለች። «ተማሪዎቹ ለኖት ፎቶ ኮፒ ቤት ከሚሰለፉ ከዚህ ይክፈቱት። ኢንተርኔት አያስፈልገንም፤ የግቢው ገመድ ይበቃናል።»

«እሺ፣ አንቺ ስትሠሪ እያየሁ እማራለሁ።»

«እኔ አልነካም። አንተ ትጽፋለህ፣ እኔ አያለሁ።» ወንበር ስባ ከጎኔ ተቀመጠችና እጆቿን በብብቷ ሸሸገች።

ሰርቨሩ ምን እንደሚሠራ የሚነገረው በአንድ ረጅም የጽሑፍ ፋይል ነው። ስከፍተው ማለቂያ የለውም። እንግሊዝኛው ሲተረተር ላቤ መጣ። አይታኝ ሳቀች። «አትደንግጥ። ከዚህ ሁሉ የምንፈልገው አምስት ስድስት መስመር ነው። የቀረው እንዳለ ይቀመጥ።»

በየመስመሩ ጥያቄ ታቀርብልኛለች። ጠያቂ ሲመጣ ሰርቨሩ በየትኛው ፖርት፣ በየትኛው በር እንደማለት ነው፣ ሆኖ ይጠብቅ? ሰማንያ ብዬ ጻፍኩ። ስሙ ማን ይሁን? ተነጋግረን አንድ አጭር ስም ሰጠነው። ገጾቹ የሚቀመጡት የትኛው ፎልደር ውስጥ ነው? ሰው ዝም ብሎ አድራሻውን ብቻ ቢጽፍ ቀድሞ የሚከፈትለት ገጽ የትኛው ነው? ሁሉንም ሞልቼ ሰርቨሩን ሳስነሣው እምቢ አለ። ደነገጥኩና የጻፍኩትን በሙሉ ላጠፋ እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ።

«ለምን ትሸሻለህ? የት ላይ እንደተሳሳትክ ራሱ ጽፎልሃል። አንብበው።»

አነበብኩት። የመስመሩ ቁጥር ሳይቀር ተጽፏል። የፎልደሩ ስም ላይ አንድ ፊደል አስቀርቻለሁ። አስተካክዬ እንደገና አስነሣሁት። ሮጬ ጥግ ላይ ወዳለው ኮምፒውተር ሄድኩና አድራሻውን ጻፍኩ። ነጭ ገጽ ላይ ሁለት መስመር «እንኳን ደህና መጡ» ወጣ፤ አንዱ በእኔ ፊደል፣ አንዱ በእሷ ቁቤ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ዲፕሎማዬን ስቀበልም አልተሰማኝ።

ፋይሉን ልዘጋ ስል ያልነካናት አንዲት መስመር ዓይኔ ገባች። «ይቺስ ምንድን ናት?» አልኳት።

«ማን ምን እንደከፈተ የምትመዘግብ ናት። ከየትኛው ኮምፒውተር፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንዳደረገ። ሲጫን ጀምሮ ክፍት ነች።» ትንሽ አሰበች። «ለኛ ምንም አታደርግልንም። ዲስኩ ትንሽ ነው፣ ትሞላዋለች። ደግሞ ተማሪ ምን እንዳነበበ እኛን ምን አገባን? ፊቷ ላይ መሰላል አድርግባት።»

መሰላል የምትለው ከኪቦርዱ ላይ ያለችውን፣ ሁለት ቋሚና ሁለት አግዳሚ መስመር ያላትን ምልክት ነው። መስመር ፊት ላይ እሷ ከተደረገች ሰርቨሩ ያንን መስመር እንዳላየ ያልፈዋል።

«ትንሽ ትቆይ» አልኳት። «በቀን ስንት ሰው እንደሚገባ ማየት እፈልጋለሁ።»

«በል እይ። ኋላ ግን እንዳትረሳት።»

ረሳኋት ብል ውሸት ነው። በየጠዋቱ ሥራ ስገባ መጀመሪያ የምከፍተው እሷን ነበር። ኮምፒውተሮቹን በሙሉ ከአንድ እስከ ሃያ ሁለት ቁጥር ሰጥተን ነጭ ፕላስተር ለጥፈንባቸዋል፤ የእያንዳንዱም አድራሻ በዚያው ቁጥር ያልቃል። ስለዚህ ሳነብ አራት ቁጥር ኖት እንደከፈተ፣ ዘጠኝ ቁጥር የፈተና ፕሮግራም ደጋግሞ እንዳየ ይታየኛል። የሠራሁት ነገር ሰው ሲጠቀምበት ማየት ደስ ይለኝ ነበር። አሥራ ሰባት ቁጥር መምህራን ክፍል ያለው የእሷ ኮምፒውተር ነው።

ወዲያው የአስተያየት ገጽ ጨመርንበት። ተማሪው ስሙን ሳይጽፍ የልቡን የሚናገርበት ገጽ ነው። «ሽንት ቤት ውኃ የለም» ይላል አንዱ። «የሒሳብ መምህሩ ወደ ሰሌዳ ነው የሚያወሩት» ይላል ሌላው። እያነበብን እንስቅ ነበር።

ኅዳር ላይ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ወዳሉት የኦሮሚያ ከተሞች ያሰፋል ስለተባለው ማስተር ፕላን የማያወራ ሰው አልነበረም፤ ካርታውን በዓይኑ ያየ ሰው ግን አንድም አላጋጠመኝም። የጅማ መንገድ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ከተጂ የሚመጡ ተማሪዎቻችን ቀሩ። የሚኒባስ ረዳቶች ዓለም ገና ሲደርሱ «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ!» ማለት ጀመሩ፤ እሷም ከዚያ በእግሯ ትመጣለች። ጫማዋ አመድ ለብሶ ስትገባ ምን እንዳየች እጠይቃታለሁ። «ምንም» ትለኛለች። እናቴ የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿን ሰብስባ ቤታችን ውስጥ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ። የኛ ሰፈር ሰው ፍርሃት ሌላ ነበር፤ መጤ ስለሆንን ማን ምን እንደሚያደርገን አናውቅም። እኔና እሷ ይህን ተነጋግረን አናውቅም። አንድ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ፣ ሳልጠይቃት፣

«አባዬ ሣሩ ውስጥ ቀይ የተቀባ ችካል አገኘ» አለችኝ። «ማን እንደተከለው የሚነግረው ሰው አጣ።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ምን ያደርጋል? ዙሪያውን አጨደ። ችካሉን አልነካውም።»

ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ጠዋት ላብ ስገባ ተማሪዎች አንድ ስክሪን ላይ ተደራርበው አገኘኋቸው። አስተያየት ገጹ ላይ ረጅም ጽሑፍ ወጥቷል። በኦሮምኛም በአማርኛም ነው። ስድብ የለበትም። ገበሬው ከመሬቱ ሲነሣ የት እንደሚገባ ይጠይቃል፤ ከዚያ በየቦታው በተቃውሞው የሞቱት ተማሪዎች የእኛም እኩዮች ናቸውና ሰኞ ጥቁር ልበሱ፣ ክፍል አትግቡ ይላል። ዲናችን ከቢሯቸው ወጥተው «አሁኑኑ አጥፋው!» አሉኝ። አጠፋሁት። ከገጹ ላይ ጠፋ።

በማግሥቱ ሁለት ሰዎች መጡ። ዲኑ ቢሮ ስጠራ አንደኛው በመስኮት ወደ ውጭ ያያል፤ ሌላው ሹራብ የለበሰ፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው ነው። ተነሥቶ ጨበጠኝ።

«ወንድሜ፣ ጽሑፉ ስም የለውም ይሉናል» አለ። «እንግዲህ ማን እንደጻፈው ማወቅ አይቻልም ማለት ነው?»

ዲኑ እኔን አዩኝ። ዓይናቸው ምን እንዳለኝ ዛሬም አላውቅም። ምናልባት «አይቻልም በል» ብሎኝ ይሆናል።

«ለነገሩ» አለ ሰውየው ፈገግ ብሎ፣ «ይሄ ከበድ ያለ ሙያ ይፈልጋል። ከዋናው መሥሪያ ቤት ባለሙያ ማስመጣት ሳይኖርብን አይቀርም።»

ይህን ስንት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሼ አይቼዋለሁ! አላስፈራራኝም። እጁን አላነሣብኝም። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሥራዬ ገመድ መሰካት ነው ብለው የሚያስቡ ሰዎች ፊት ቆሜያለሁ።

«ይቻላል» አልኩ። «ሰርቨሩ ይመዘግባል። እኔ አወጣዋለሁ።»

ከኋላዬ ተከትለውኝ ላብ ገቡ። ያስተማረችኝን ትእዛዝ ጽፌ ከሺህ መስመር ውስጥ አስተያየት ገጹ ላይ የተጻፈባቸውን ብቻ ለየሁና ወደ ፕሪንተሩ ላክሁት። ፍጥነቴን እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነበር። ወረቀቱ ከፕሪንተሩ ሲወጣ ነው መስመሩን ያየሁት። የመጨረሻው ቁጥር አሥራ ሰባት ነው።

ወረቀቱን ሳልሰጠው በእጄ ይዤ ቆየሁ። ሰውየው ቀስ ብሎ ከጣቴ መካከል ወሰደው።

«አሥራ ሰባት የቱ ነው?»

«እሱን… እሱን ማንም ይጠቀምበታል» አልኩ። «መምህራን ክፍል ነው ያለው። ቁልፍ የለውም። ማንም ገብቶ…»

«እሺ» አለ። «የማን ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው?»

እሱ ግን ከኔ መልስ አልጠበቀም፤ መምህራን ክፍል ገብቶ ፕላስተሩን አየ፤ ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለውን ሹራቧንም አየ።

እሷ ቀጥሎ ባለው ክፍል እያስተማረች ነበር። እስክትጨርስ ኮሪደር ላይ ጠበቋት። ድምፅዋ በሩን አልፎ ይሰማኛል፤ ስለ ምን እንደምታስተምር ግን አንዲት ቃል አልያዝኩም። በሩ ሲከፈት ተማሪዎቹ ሰዎቹን አይተው ግድግዳ ይዘው አለፉ። ሹራብ የለበሰው ሰው በትህትና አነጋገራት። እሷ ማርከሯን ክዳን አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ወዲያው መልሳ አወጣችውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ የኮሌጁ ነዋ። በአጠገቤ ስታልፍ የላቡን ቁልፍ ሰጠችኝ።

«መስኮቱን ዝጋው፣ አቧራ ይገባል» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ፋይሉን ከፈትኩና የምትመዘግበዋ መስመር ፊት ላይ መሰላል አደረግሁባት። ሰርቨሩ ምንም ሳያጉረመርም ተነሣ። ለማን እንዳደረግኩት አላውቅም።

እስር ቤት ልጠይቃት ስሄድ ዘመድ ስላልሆንኩ አላስገቡኝም። እህቷ ቡራዩ ላይ ስንቅ ስትቋጥር አግኝቻት ጠረጴዛዋ ውስጥ የቀሩትን መጽሐፎችና ያን ሹራብ ሰጠኋት። ከመሳቢያዋ በፖስታ ያገኘሁትን ዲግሪዋን ግን መልሳ ሰጠችኝና «ይሄን ለአባታችን አድርስልኝ፣ እዚህ ይፈተሻል ብዬ እፈራለሁ» አለችኝ። ከፕሪንተሩ ስላወጣሁት ወረቀት አልነገርኳትም።

በጥምቀት ሰሞን ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ተሳፍሬ እንጦጦን ተሻግሬ ሱሉልታ ወረድኩ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሜዳው ላይ የድርቆሽ ክምር በየቦታው ቆሟል። ሰው ጠይቄ ቤታቸውን አገኘሁት። አባቷ ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ በመንሽ ድርቆሽ እያገላበጡ ነበር።

«አካም ጅርቱ፣ አባባ» አልኳቸው።

«ናጋ! ባጋ ናጋን ዱፍቴ። ሴኒ፣ ሴኒ፣ ግባ።» እንኳን ደህና መጣህ ብለው፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳይጠይቁኝ አስገቡኝ። ኤርጎ በጣሳ አቀረቡልኝ። ፖስታውን ስሰጣቸው ከፍተው አላነበቡትም፤ በሁለት እጃቸው ይዘው አዩትና ራስጌያቸው ካለው ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። ከዚያ ስለ ሥራዋ ይጠይቁኝ ጀመር። ጥሩ ታስተምራለች ወይ? ተማሪ ይወዳታል? አንተንስ አስተምራሃለች? ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«አባባ» አልኩ፣ «እሷን ያስያዛትን ወረቀት ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

አልገባቸውም። እንደገና ነገርኳቸው። ኮምፒውተሩ እንደሚመዘግብ፣ እሷ ዝጋው እንዳለችኝ፣ እኔ እንዳልዘጋሁት፣ ሰዎቹ ሲጠይቁኝ ይቻላል እንዳልኩ። ሁሉንም በአማርኛ ነበር የነገርኳቸው። ሲገባቸው ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ ድንገት ድካም ነገር ወረራቸው። ተነሥተው ወጡ። በበሩ በኩል ላሚቷ ፊት ድርቆሽ ሲያደርጉ አያቸዋለሁ። ቆዩ። ተመልሰው ሲገቡ አልተቀመጡም።

«ገረፉህ?»

«አልገረፉኝም፣ አባባ።»

«እንዲያው ነው የሰጠሃቸው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን መጣህ? ይቅር እንድልህ?»

«አላውቅም።»

«እኔ ይቅር ልልህ አልችልም፤ የእሷ ነው።» ኩታቸውን አስተካከሉ። «አሁን ጣሳህን ጨርስና ሂድ። ሲመሽ መንገዱ ጥሩ አይደለም።»

እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። በመንገድ ሣሩ ውስጥ ችካሎቹን አየሁ፤ ሁለት ሆነዋል። ምንም አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ሚኒባሱ ሲቆም ግን በሩን በእጃቸው ያዙና ለሹፌሩ በኦሮምኛ «ልጁን አደራ» አሉት።

ማስተር ፕላኑ መቅረቱን የሰማሁት በዚያው ሰሞን ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሬዲዮው ሲናገር ረዳቱ ድምፁን ከፍ አደረገው። ከኋላ ሁለት ሰዎች አጨበጨቡ። ከፊት የተቀመጡ አሮጊት «አሁን? ልጆቹ ካለቁ በኋላ?» አሉ። መኪናው ጸጥ አለ። ቀረ ከተባለ ይፈቷታል ብዬ ሳምንት ቆጠርኩ፤ ወር ቆጠርኩ። አልተፈታችም።

አባቷ ሚያዝያ ላይ ሞቱ። ሳንባቸው ነው አለችኝ እህቷ። ቀብራቸው ላይ ከሩቅ ቆሜ ነበር። ለእሷ እስር ቤት ውስጥ የነገሯት ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ክረምቱ ሲጠናቀቅ ተፈታች። ቡራዩ እህቷ ቤት ሄድኩ። ጸጉሯ አጭር ሆኗል፤ ጥቁር ለብሳለች፤ ስታወራ ግራ ጆሮዋን ታዞርልኛለች፤ ቀኙ እንደማይሰማ ኋላ ነው ያወቅኩት። እህቷ ትታን ወጣች። ሦስት ቀን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን ሁለት ቃል ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። «መጀመሪያ ቀን ነው ወረቀቱን ያሳዩኝ። ሳየው ያንተ ሥራ መሆኑን አወቅኩ። እንደዚያ መለየት ያስተማርኩህ እኔ ነኝ እኮ።»

አንገቴን ደፋሁ።

«አባዬ ለእህቴ ነግሯታል፣ እንደመጣህ» አለች። «ልጁ ዋሽቶ መሄድ ይችል ነበር ብሏታል። ሌላ ነገር አላለም።»

«ይቅርታ» አልኳት። እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

አላባበለችኝም። «እኔ አልጻፍኩትም» አለች።

ቀና አልኩ። «ምን?»

«ጽሑፉን። አንዲት ተማሪ ናት። ኮምፒውተርሽን ለአሥር ደቂቃ ልጠቀም ብላኝ ተነሣሁላት። ምን እንደምትጽፍ አላየሁም። አይቼም ቢሆን አልከለክላትም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም? እንዲያ እየመቱሽ! ማን ናት?»

አየችኝ። ዓይኗ ጥላቻ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«ላንተ ልንገርህ?» አለችኝ።

ልጅቷ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም። ከኮሌጁ ደጃፍ ሲወጡ አያቸው ከነበሩት ሴቶች ልጆች አንዷ ናት፤ ተመርቃ፣ አግብታ፣ ወልዳ ይሆናል። በማን ጀርባ ላይ እንደታዘለች ታውቅ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

ወደ ኮሌጁ አልተመለሰችም። ዲኑ ቦታሽ አለ ብለው ልከውባት ነበር፤ አልፈልግም አለች። እኔም ዓመት ሳልሞላ ወጣሁ። ዛሬም በዚሁ ሙያ ነው እንጀራዬ፤ ሌላ የማውቀው የለኝም።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አይቻታለሁ። ለሥራ ወደ ጫንጮ ስሄድ መኪናችን ሱሉልታ ላይ ጎማ ሊያስነፋ ቆመ። መንገድ ዳር ካለው የወተት መሰብሰቢያ ፊት ለፊት ገበሬዎች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። እሷ ቦቲ አጥልቃ ወተቱን እየለካች ትቀበላለች። ስታየኝ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ሰላም አለችኝ። እናቴን ጠየቀችኝ። ፋብሪካው እንደቀነሳት ነገርኳት፤ አዘነችላት። የአባቷን ላሞች እንደያዘች፣ ሦስቱ እንደወለዱ ነገረችኝ። መሬቱስ ምን ሆነ ብዬ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ። ከሰልፉ አንዲት እናት በኦሮምኛ ጠሯት። «ኤዬ፣ ዱፌ፣ መጣሁ» አለችና ወደ ሚዛኗ ተመለሰች። ጎማው ተነፍቶ ስለነበር ሹፌሩ ክላክስ አደረገልኝ፤ ሄድኩ።